የሶናር ጥልቀት ንባብ ሲዛባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዓሣ መፈለጊያ ሶናር 4 ሜትር ብሎ ውሃው 1 ሜትር ሆኖ ሲገኝ፣ ጀልባዋ ከነሞተሯ ከድንጋይ ጋር ትላተማለች። ስለዚህ የንባብ መዛባት በቸልታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ችግሩ ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚፈልገው በሌለበት ቦታ መሆኑ ነው።

«ቁጥሩ ከተሳሳተ መሣሪያው ተበላሽቷል»

መሣሪያው የሚለካው ጥልቀትን ሳይሆን ጊዜን ነው። ትራንስዱሰሩ (ከጀልባዋ ሥር ውሃ ውስጥ የሚገጠመው ድምፅ ላኪና ተቀባይ ክፍል) ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ታች ደርሶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,500 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ማሚቶው በ20 ሚሊሰከንድ ከተመለሰ ስክሪኑ 15 ሜትር ይላል። ማሚቶው ከሌላ ነገር ከመጣ ግን ሒሳቡ ልክ ሆኖ መልሱ ይሳሳታል።

አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት በየሜትሩ ምልክት ያለው ገመድ ጫፉ ላይ ከባድ ነገር እሰሩና ታቹ ሜዳ በሆነበት ቦታ ለኩ። 10 ሜትሩን 33 ካለ በሜትር ሳይሆን በጫማ እያነበበ ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ እኩል ከሆነ መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ነው፤ ትራንስዱሰሩ ከውሃው ገጽ 40 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከተገጠመ ንባቡ በዚያው ልክ ያንሳል፣ ይህንኑ ማስገባት ይበቃል። ቁጥሩ የሚዘል ወይም የሚጠፋ ከሆነ ግን ቀጣዩን አንብቡ።

«በፍጥነት ስንሄድ ቁጥሩ ከጠፋ ሴንሲቲቪቲውን (ደካማ ማሚቶን የመያዝ አቅሙን) መጨመር ነው»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚደክምበት ይሄ ነው። ትራንስዱሰሩ ፊት አረፋ ካለ ድምፁ አየሩን አልፎ አይሄድም፤ ሴንሲቲቪቲ መጨመር ረብሻውን ብቻ ያጎላዋል። ጀልባዋ ስትሄድ ሌላ ሰው ይንዳና እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ውሃውን ተመልከቱ። ከጀልባዋ ሥር ነጭ አረፋ እየተሰመረ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከብሎን ራስ ወይም ከሥሯ ካለ ጉብታ በስተኋላ ነው። ትራንስዱሰሩ በዚያ መስመር ላይ ወይም ከፕሮፔለሩ አጠገብ ካለ ውሃው ለስላሳ ወደሆነበት አዛውሩት። ቦታው ጥሩ ከሆነ ብሎኖቹን አላልታችሁ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ አድርጉት፤ ከእያንዳንዷ ማስተካከያ በኋላም ነድታችሁ ሞክሩ።

አረፋ መሆኑን ለማረጋገጥ ጀልባዋን አቁሙና ማርሽ ሳታስገቡ ነዳጅ ስጡ። ቆማም ቁጥሩ ከዘለለ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው፤ የትራንስዱሰሩን ገመድ ከሞተሩ ሽቦዎች አርቁ፣ የመሣሪያውንም የኤሌክትሪክ ኃይል በቀጥታ ከባትሪው አምጡ።

«3 ሜትር ባለበት 6 ካሳየ ጉድጓድ አለ»

ታቹ ጠንካራ በሆነ ጥልቀት በሌለው ውሃ ማሚቶው ወደ ላይ መጥቶ፣ ከውሃው ገጽ ነጥሮ፣ ደግሞ ታች ደርሶ ይመለሳል። መሣሪያው ሁለተኛውን ከያዘ ጥልቀቱ እጥፍ ይሆናል። እዚህ ሴንሲቲቪቲውን መቀነስ ነው የሚረዳው።

«ቁጥሩ የሚያሳየው ልክ ከጀልባዋ ሥር ያለውን ነው»

ድምፁ ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። የ20 ዲግሪ ጨረር 30 ሜትር ላይ ከ10 ሜትር በላይ ስፋት ይሸፍናል፣ ቀድሞ የሚመለሰውም ከቅርቡ ከፍታ የነጠረው ነው። በተዳፋት ላይ ንባቡ ከገመዱ ልኬት ያነሰ ቢሆን መሣሪያው አልተሳሳተም።

«ጨዋማ ውሃ ያሳስተዋል»

ጨውና ሙቀት የሚያመጡት ልዩነት ጥቂት ፐርሰንት ብቻ ነው። ትራንስዱሰሩ ላይ የተጋገረ አልጌ የበለጠ ይጎዳል፤ በሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ እጠቡት። አሴቶን ግን አታስነኩት፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል።