ጄት ፕሮግራም፦ ጃፓን እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ወጣቶችን የምትጋብዝበት መርሐ ግብር

ጄት ፕሮግራም («የጃፓን ልውውጥና ማስተማር» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ምህጻረ ቃል ነው) የጃፓን መንግሥት የውጭ አገር ወጣቶችን እየጋበዘ በትምህርት ቤቶችና በአካባቢ መስተዳድሮች የሚያሠራበት መርሐ ግብር ነው። የተጀመረው በ1987 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዝኛ ለማስተማር ባሕር ተሻግሮ መሥራት የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ከሚሰማቸው ስሞች አንዱ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወራው ግን ስለ ደመወዙ ነው። መርሐ ግብሩ ለምን እንደተፈጠረና እንዴት እንደሚሠራ የሚያብራራ ጽሑፍ በአማርኛ እንደ ልብ አይገኝም።

እስካሁን ከ75,000 በላይ ሰዎች አልፈውበታል። በ2024 ከ5,800 በላይ ተሳታፊዎች በሥራ ላይ ነበሩ። ከዘጠና በመቶ የሚበልጡት ረዳት የቋንቋ መምህራን ናቸው፤ ጃፓን ውስጥ ሁሉም ሰው በአጭሩ ኤ.ኤል.ቲ ይላቸዋል። ጥቂቶች በከተማ አስተዳደር ቢሮ ውስጥ ትርጉምና የባህል ልውውጥ ይሠራሉ። ለእነዚህ ጃፓንኛ ግዴታ ነው። ከእነርሱም ያነሱ የስፖርት አማካሪዎች አሉ።

አመሠራረቱ

ከጄት በፊትም ሙከራ ነበር። የትምህርት ሚኒስቴር በ1977 አሜሪካውያንን፣ በ1978 ደግሞ እንግሊዛውያንን ማስመጣት ጀምሮ ነበር። ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነበር።

ነገሩን ያፋጠነው የ1980ዎቹ የንግድ ጭቅጭቅ ነው። ጃፓን ለአሜሪካ መኪናና ኤሌክትሮኒክስ በገፍ ትሸጥ ነበር። ከአሜሪካ የምትገዛው ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። ዋሽንግተን ተቆጣች፤ «በራችሁን ክፈቱ» የሚለው ጩኸትም በረታ። ጠቅላይ ሚኒስትር ያሱሂሮ ናካሶኔ አገራቸው ለዓለም መከፈት እንዳለባት አጥብቀው ይናገሩ የነበረው በዚያው ዘመን ነው።

በዚህ ምክንያት አንዳንዶች ጄትን ለአሜሪካ የተሰጠ ማባበያ ነው ይሉታል። እውነትነት አለው፤ ሙሉ ታሪኩ ግን አይደለም። ሐሳቡን ያፈለቀው የትምህርት ሚኒስቴር ሳይሆን የአገር አስተዳደር ሚኒስቴር ነው። ይህ ሚኒስቴር የሚመለከተው ክፍለ ሀገሮችንና ትንንሽ ከተሞችን ነው። ስለዚህ ገና ከመነሻው የታሰበው የፈተና ውጤት ማሻሻል ብቻ አልነበረም። ፈረንጅ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያይ የገጠር ከተማ ሕዝብ ከሌላው ዓለም ሰው ጋር ጎን ለጎን እንዲኖር ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደግሞ ወጣቶቹ አገራቸው ሲመለሱ የጃፓን ወዳጅ ይሆናሉ ብሎ ተስፋ አደረገ። የትምህርት ሚኒስቴሩ መጀመሪያ ላይ ቅር እያለው ነው የገባበት። አንድ መርሐ ግብር ሦስት ጌታ ኖረው። ዛሬም የሚነሱት ክርክሮች ምንጫቸው እዚህ ላይ ነው።

በ1987 ክረምት 848 ወጣቶች ገቡ። የመጡት ከአራት አገሮች ብቻ ነበር፦ ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ። የጃፓን የእንግሊዝኛ መምህራን ሥራ እስከዚያ ድረስ ተማሪውን ለመግቢያ ፈተና ማብቃት ነበር። ሰዋስውና ትርጉም ያስተምራሉ፤ እንግሊዝኛ መናገር ግን እምብዛም አያስፈልጋቸውም። በቋንቋው አፉን የፈታ ወጣት በድንገት አጠገባቸው ሲቆም ብዙዎቹ ተጨነቁ። በተማሪዎቻቸው ፊት መዋረድን ፈሩ፤ ማንም በእነሱ ቦታ ቢሆን ይፈራል። ረዳቱ ምን እንደሚሠራ በግልጽ የነገራቸውም አልነበረም። አንዱ ረዳት በየሳምንቱ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞራል። ሌላው ጥግ ላይ ቆሞ «አሁን አንብብ» ሲባል ያነባል፤ «አሁን ይበቃል» ሲባል ዝም ይላል። «እኛ እኮ የቴፕ ሥራ ነው የምንሠራው» የሚለው ቅሬታ ያኔ ተጀመረ፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

በ1990ዎቹ ቁጥሩ በየዓመቱ እያደገ ሄደ። በ2002 ተሳታፊዎቹ 6,273 ደረሱ።

ማርች 11 ቀን 2011

ይህ ቀን በጄት ታሪክ የተለየ ቦታ አለው። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሁለት የጄት መምህራን ሕይወታቸው አለፈ። ሁለቱም አሜሪካውያን ናቸው።

ቴይለር አንደርሰን በሚያጊ ክፍለ ሀገር በኢሺኖማኪ ከተማ ታስተምር ነበር። ዕድሜዋ 24 ነበር። መሬቱ ሲናወጥ ከተማሪዎቿ ጋር ነበረች። ወላጆች ልጆቻቸውን እስኪወስዱ ድረስ አብራቸው ቆየች። ከዚያ በብስክሌቷ ወደ ቤቷ ስታመራ ማዕበሉ ደረሰባት። ሞንትጎመሪ ዲክሰን የአላስካ ልጅ ነበር፤ ዕድሜው 26። የሚሠራው በኢዋቴ ክፍለ ሀገር በሪኩዘንታካታ ነበር። ማዕበሉ ከተማዋን አብዛኛውን ጠራርጎ ወሰዳት።

የአንደርሰን ቤተሰብ በልጃቸው ስም ፈንድ አቋቋሙ። በኢሺኖማኪ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የያዙ የንባብ ጥጎች ተከፈቱ። የመጻሕፍት መደርደሪያዎቹን የሠራው የከተማው አናጺ ነው። ይህ ሰው በዚያው ሱናሚ ሦስት ልጆቹን አጥቷል። ልጆቹን ቴይለር አስተምራቸዋለች።

ከአደጋው በኋላ ቀላል የማይባሉ የጄት ረዳቶች አካባቢውን ለቀው ላለመሄድ ወስነው፣ ጭቃ ሲጠርጉና ዕርዳታ ሲያድሉ ቆይተዋል። የጄትን ፋይዳ በእንግሊዝኛ ፈተና ብቻ መለካት የማይበቃው ለዚህ ነው።

በ2020 በኮቪድ ምክንያት ድንበር ሲዘጋ አዲስ ተመልማዮች ለወራት ቤታቸው ተቀምጠው መጠበቅ ነበረባቸው።

ኑሮውና ሥራው

አብዛኛው ተመልማይ የሚገባው በጁላይ መጨረሻና በኦገስት ነው። ቶኪዮ ውስጥ በሆቴል አጭር ገለጻ ይሰጣል። ከዚያ በየክፍለ ሀገሩ ይበተናሉ። ምደባው አርባ ሰባቱንም ክፍለ ሀገሮች ያዳርሳል። አመልካቹ የሚመርጣቸውን ቦታዎች መጻፍ ይችላል፤ እንደሚያገኝ ግን ማረጋገጫ የለውም። ቶኪዮን አስቦ የሄደ ሰው የሩዝ ማሳ መሀል ሊገኝ ይችላል።

ስለ ጄት ሲጠየቁ ሁሉም የሚመልሱት አንድ መልስ አለ፦ የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ ለየቅል ነው። አንዱ አንድ ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ይመደባል። ሌላው በሳምንት አምስት ትንንሽ ትምህርት ቤቶችን ያዳርሳል። በአንዳንድ ገጠሮች ያለ መኪና መንቀሳቀስ አይታሰብም። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ደግሞ የሚሠራው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እንግሊዛውያንና አውስትራሊያውያን መንጃ ፈቃዳቸውን በቀላሉ ይቀይራሉ፤ አብዛኞቹ አሜሪካውያን ግን እንደገና መፈተን ነበረባቸው።

ኦገስት ላይ ትምህርት ዝግ ነው። አዲሱ ረዳት ቢሮ እየገባ ያለ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ይውላል። ይህ ብዙዎችን ያሰለቻል። ትምህርት ሲከፈት በመላው ተማሪ ፊት ቆሞ ራሱን ያስተዋውቃል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም እንዲሁ ነው፦ የቤተሰቡን ፎቶ፣ የሚወደውን ምግብና የአገሩን ካርታ ያሳያል። ይህንኑ በየክፍሉ እየዞረ ይደጋግመዋል።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምሳ የሚበላው ክፍል ውስጥ ነው። ተረኛ ተማሪዎች ነጭ ሽርጥና ኮፍያ አድርገው ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። ረዳቱም አንዷ ትንሽ ወንበር ላይ ተጨናንቆ አብሯቸው ይበላል። ከዚያ ሁሉም ጨርቅ ይዞ ወለሉን ይወለውላል። በትምህርት ሰዓት ትንፍሽ የማይል ልጅ ምሳ ላይ «ውሻ አለህ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። የመርሐ ግብሩ እውነተኛ ሥራ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ እዚህ ይታያል ብዬ አምናለሁ።

የብርዱ ወቅት ሌላ ፈተና ነው። በሰሜኑ ክፍል በረዶው ከባድ ነው። ብዙ ቤቶች ሙሉውን ቤት የሚያሞቅ ማሞቂያ ስለሌላቸው ሰው አንድ ክፍል ውስጥ የጋዝ ምድጃ ለኩሶ ይቀመጣል። ከሰሜኑ ምድብተኞች አንዱ በያማጋታ ክፍለ ሀገር በሳካታ ያስተማረው እንግሊዛዊው ክሪስ ብሮድ ነው። ዛሬ በሰፊው የሚታወቀውን የዩቲዩብ ቻናሉን የጀመረው እዚያ እያለ ነው።

ክፍያና ቅጥር

ቀጣሪው ማዕከላዊ መንግሥት አይደለም። ውሉን የሚፈርመውና ደመወዝ የሚከፍለው የክፍለ ሀገሩ ወይም የከተማው አስተዳደር ነው። ማዕከላዊው መንግሥት ወጪውን ለአካባቢዎች በሚመድበው ድጎማ ይሸፍናል። ለመጀመሪያ ዓመት ተሳታፊ ዓመታዊው ክፍያ ለረጅም ጊዜ 3.36 ሚሊዮን የን ነበር። ከ2025 ጀምሮ 4.02 ሚሊዮን የን ሆኗል፤ በየዓመቱም ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። የመምጫ አውሮፕላን ትኬት በቀጣሪው ይሸፈናል።

ዛሬ ጃፓን ውስጥ ካሉት ረዳት መምህራን አብዛኞቹ በጄት በኩል የመጡ አይደሉም። ብዙ ከተሞች ረዳት የሚያገኙት ከግል አቅራቢ ድርጅቶች ነው። የእነዚህ ደመወዝ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው፤ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት የሚቀነስበትም አለ። በአንዳንድ ውሎች ደግሞ ረዳቱ የድርጅቱ ሠራተኛ ስለሆነ፣ አብሮት ክፍል የገባው መምህር በቀጥታ እንዲያዝዘው ሕጉ አይፈቅድም። በአንድ ክፍል አብሮ ለማስተማር ይህ እንዴት እንደሚመች መገመት ይከብዳል።

ክርክሩ

ጄትን የሚነቅፉ ሰዎች ጃፓን ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም በእንግሊዝኛ ችሎታ ደረጃ ሠንጠረዦች ዝቅ ብላ እንደምትገኝ ያነሳሉ። በ2010 የመንግሥት ወጪ ሲፈተሽም መርሐ ግብሩ ጥያቄ ተነስቶበታል። ስለ ደረጃው የሚሉት ትክክል ነው። ጥፋቱን በረዳቱ ላይ መጣል ግን አያስኬድም። በሳምንት አንድ ጊዜ ክፍል የሚገባ፣ ማርክ የማይሰጥ፣ ፈተና የማያወጣ ወጣት የአገርን የፈተና ሥርዓት ሊለውጥ አይችልም። ሥርዓቱ ራሱ ዘግይቶም ቢሆን እየተለወጠ ነው። በ2011 ለአንደኛ ደረጃ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ማርክ የማይሰጥበት የውጭ ቋንቋ ልምምድ ግዴታ ሆነ። በ2020 ለእነዚህ ክፍሎች ማርክ የሚሰጥበት መደበኛ ትምህርት ሆነ፤ ልምምዱም ወደ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ወረደ።

ማመልከት

አመልካቹ ከተሳታፊ አገሮች የአንዱ ዜጋ መሆንና የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ አለበት። ዲግሪው በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ ይሆናል። የማስተማር ፈቃድ ግዴታ አይደለም። ለረዳት መምህርነት ጃፓንኛም አይጠየቅም። ዝርዝሩ ዛሬ ከአራቱ አገሮች በጣም ሰፍቷል፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ጃማይካና ትሪኒዳድና ቶቤጎም ይልካሉ። ማመልከቻው በአገሩ ባለው የጃፓን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ያልፋል፤ ቃለ መጠይቁም እዚያው ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ነው። ሁለቱም ወገን ከተስማሙ እየታደሰ እስከ አምስት ዓመት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጃፓን መቆየት የሚፈልግ ሰው ሌላ ሥራ ፈልጎ በራሱ መንገድ ይቀጥላል።