እህልን በጅምላ ማከማቸትና ነቀዝን መከላከል

እህል ጎተራ ገባ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ፍሬው ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል፣ ሙቀትና እርጥበት ያወጣል። አብረውት የገቡት ነቀዞችም እንዲሁ። በአነስተኛ ወጪ ለማከማቸት ትልቁ ጉዳይ ማድረቅና አየር መንሳት ነው። መድኃኒት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ብዙ ሰው ነቀዝ መግባቱን የሚያውቀው ፍሬው ተበስቶ ሲያይ ነው። ያኔ ረፍዷል። እንስቷ የበቆሎ ነቀዝ በሹል አፏ ፍሬውን ትሰረስራለች። ቀዳዳው ውስጥ እንቁላል ትጥልና ሙጫ በመሰለ ነገር ትደፍነዋለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል (እጭ) ውስጥ ለውስጥ እየበላ ያድጋል፤ በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ 5 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ቀዶ ይወጣል። ስለዚህ ላዩ ንጹህ የሆነ እህል ውስጡ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ክምሩ ውስጥ እጅ ሲያስገቡ ለብ ካለ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ በቆሎ ወይም ስንዴ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። መለኪያ የሌለው በጨው ይሞክር። ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ፣ ከድኖ በደንብ ይነቅንቅ። 15 ደቂቃ ያህል ይተወው። ጨው ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። እርጥብ እህል አየር በማያስገባ ነገር ማሸግ ትልቅ ስህተት ነው፤ ይበላሻል።

ደረቅ ከሆነ ግን ማሸግ የሚያህል ዘዴ የለም። ነቀዞቹ ራሳቸው ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። መጠኑ ከ5 በመቶ በታች ሲወርድ መብላትም መራባትም ያቅታቸዋል፤ ቀስ በቀስም ይሞታሉ። ሦስት ድርብ ከረጢት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፦ ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ ከውስጥ፣ ጆንያ ከውጭ። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ለአተር ዓይነት ጥራጥሬ ያበጁት ነው፤ ኋላ ለሌላውም እህል ዋለ። አየሩን አስወጥቶ አንገቱን ጠምዝዞ፣ አጥፎ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። አይጥ ከበሳው ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ለብዙ እህል ደግሞ 60 ሜትር የሚረዝምና 200 ቶን ገደማ የሚይዝ የፕላስቲክ ከረጢት አለ፤ አርጀንቲና ውስጥ በሰፊው ይሠራበታል።

የብረት ጎተራ አይጥን ይከላከላል፤ ፀሐይ ላይ ከቆመ ግን ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። እርጥበቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከክዳኑ ሥር ይንጠባጠብና የላይኛው እህል ይሻግታል። ጥላ ይፈልጋል።

ለነቀዝ መድኃኒትነት የሚታጠነው ፎስፊን የሚባለው ጋዝ እጩንም ጎልማሳውንም ይገድላል፤ ሰውንም እንዲሁ። ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አይሞከርም፣ ያለ ሥልጠናም አይነካም። በሚያፈስ ጎተራ ውስጥ ደግሞ ጋዙ ይበንና ጠንካሮቹ ነቀዞች ይተርፋሉ፤ መድኃኒቱን የለመዱ ነቀዞች በብዙ አገሮች የተፈጠሩት በዚህ ነው። ጎተራው ከተናፈሰ በኋላም ጋዙ ምንም መከላከያ አይተውም። ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የቀረ አሮጌ እህል ካለ ነቀዙ ከዚያ ተነስቶ ይመለሳል። ስለዚህ አዲሱ ከመግባቱ በፊት ጎተራው ይጠረጋል፣ ስንጥቁ ይመረጋል፣ ጥራጊውም ከአካባቢው ርቆ ይቃጠላል።