በረዶው ጣሪያችሁን አልበሳውም

ቆርቆሮ መምታት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር በስልክ የምሰማው አንድ ነገር ነው፤ «በረዶው ጣሪያዬን በሳው፣ ቶሎ ድረስ!» ሰልችቶኛል።

ባለፈው ሐምሌ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ካለ ግቢ አንዲት እናት ጠሩኝ። ከሰዓት በኋላ ሩብ ሰዓት የማይሞላ በረዶ ጥሎ ግቢው ነጭ ሆኗል። የሳሎኑ ኮርኒስ ውሃ ቋጥሮ ሊወድቅ ደርሷል። «ልጄ፣ ቆርቆሮዬን ወንፊት አደረገው» አሉኝ። ከእኔ በፊት የመጣ ሠራተኛ ጣሪያው በሙሉ ይቀየር ብሏቸዋል። ወጥቼ አየሁት። አንድም ቀዳዳ የለም። ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት አሸንዳ ግን እስከ አፉ በረዶ ሞልቶታል። ከሥሩ የከረመ ቅጠል፣ ፌስታልና የልጆች ኳስ። ውሃው መውረጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ጫፍ ሥር ገብቷል። በእጄ ዝቄ ሳወጣው ማፍሰሱ ቆመ። እማማ ለአዲስ ቆርቆሮ ሊያወጡት የነበረው ብር የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ዝናብ ፈስሶ ይሄዳል፤ በረዶ ተከምሮ ይቀመጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሽምብራና ባቄላ የሚያክል በረዶ ደህና ቆርቆሮን ቢበዛ ያጎደጉደዋል እንጂ አይበሳውም። የሚበሳው ዝገት ቀድሞ የበላውን ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የሚስማሩ ነው። ጎማው በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በጠራራ ፀሐይ ኮርኒስ ውስጥ ግቡና ቀና በሉ። ቀዳዳ ካለ እንደ ኮከብ ያበራል። ካላያችሁ ሠራተኛ ከመጥራታችሁ በፊት አሸንዳውን እዩ።

«በረዶ የሚጥለው ብርድ ሲበረታ ነው» የሚሉም አሉ። እንደዚያ ቢሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በጣለ ነበር። በረዶን የሚያመጣው የቀን ሙቀት ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው እርጥብ አየር ሽቅብ ይምዘገዘጋል፤ የያዘው ውሃ ከላይ በረዶ ይሆናል፣ ሲከብድም ይወርዳል። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቀልጦ ሳያልቅ ይደርሰናል። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ተጠንቀቁ።

«አዲስ አበባ ስኖው ጣለ» ብላችሁ ፎቶ የምትለጥፉ፣ እሱ ስኖው አይደለም። ስኖው እንደ ጥጥ ብን እያለ ነው የሚወርደው፤ እኛ አገር አልፎ አልፎ የሚታየው ከ4,500 ሜትር በላይ እንደሆነው ራስ ዳሽን ባሉ ተራሮች ላይ ነው።

ቆርቆሮ መቀየር የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ፣ የውፍረቱ መለኪያ የሆነው የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው አይወፍርም፣ ይሳሳል። 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል።

ከጣሪያ የወረደ በረዶ ንጹሕ አይደለም። ዝገትና የወፍ ኩስ አለበት፤ ልጆች አይብሉት።

ግንቦት ሳያልቅ አሸንዳችሁን አስጠርጉ። ከዚያ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱበትና ከታች በደንብ መውረዱን እዩ። በረዶ እየጣለ ግን ጣሪያ ላይ እንዳትወጡ። ከእግር ሥር እንደ ብይ ይንከባለላል። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እንዲህ ወድቆ እጁ ተሰብሮ ክረምቱን ሙሉ ቤት ዋለ። ሲያባራ መሰላሉን ሰው ይያዝላችሁ፤ መጀመሪያ ከአሸንዳው ውሃ የሚያወርደውን ቱቦ አፍ ክፈቱ፣ ሌላውን ቀስ ብላችሁ ትጠርጉታላችሁ።