የሕፃናት ጤና ምርምር በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

ባሕር ዳር ሲነሳ ሐይቁ፣ ታንኳውና ዘንባባው ቀድሞ ትዝ ይላል። ከተማዋና አካባቢዋ ለሕፃናት ጤና ምርምር ያበረከቱት ግን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ2000 ፖሊ ቴክኒኩና ፔዳጎጂው ተዋህደው የቆመ ነው፤ የሕክምና ትምህርቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ጥበበ ግዮን የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። አንጋፋው ፈለገ ሕይወት ደግሞ ከሩቅ ወረዳ ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡ እናቶችና ሕፃናት መድረሻ ነው። በጨቅላ ሕፃናትና በምግብ እጥረት ላይ ከከተማዋ የሚወጡ ጽሑፎች ብዙዎቹ ከእነዚህ ሆስፒታሎች የሕሙማን ካርድ የተቀዱ ናቸው። የላቦራቶሪውን ሥራ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይዟል።

ሌላው ትልቅ ምንጭ አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ዳታው ለተመራማሪ በነፃ ይሰጣል። በጀት የሌለው መምህር ኮምፒውተርና ትዕግሥት ካለው ይሠራበታል። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረው፣ በ2011 52 በመቶ፣ በ2016 46 በመቶ፣ በ2019 41 በመቶ ነበሩ። መቀነሱ ደስ ይላል። ያም ሆኖ ከአሥር ልጆች አራቱ ማለት ነው።

በሐይቁ ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች የቢልሃርዚያ ጥናቶችም ተሠርተዋል።

ከእነዚህ ሥራዎች የትኛው ርቆ እንደሄደ ለማወቅ መለኪያ ያስፈልጋል። የአንድ ተመራማሪ ተጽዕኖ ዛሬ በብዛት የሚለካው በሳይቴሽን ነው፤ ሌሎች ስንት ጊዜ ጠቀሱት ነው ነገሩ። በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ያቀረበው ኤች ኢንዴክስ የተለመደ መለኪያ ሆኗል። ኤች ኢንዴክሱ 10 የሆነ ሰው፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ችግሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች በሚፈርሙባቸው የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናቶች ላይ ይታያል። አንዱ ጽሑፍ በሺዎች ሲጠቀስ የሁሉም ቁጥር አብሮ ያድጋል። የእኛም ተመራማሪዎች ስማቸው እዚያ አለ፤ ኩራት ነው። ነገር ግን ያንን ቁጥር ካርድ እያገላበጡ ብቻቸውን ከጻፉት ጽሑፍ ጋር አንድ ላይ መደመር ልክ አይመስለኝም።

ከክልሉ ተነሥቶ እጅግ ርቆ የሄደው ሥራ መነሻው ከሐይቁ ዳር ሳይሆን ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነው። ጥናቱ ታና ይባላል። ስሙ ከሐይቁ ጋር ቢገጥምም፣ በሰሜን አማራ ትራኮማን ስለመቀነስ የሚናገር የእንግሊዝኛ መጠሪያ ምኅጻር ነው። ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የመጡ ተመራማሪዎች የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ካቋቋሙት የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከካርተር ሴንተር ጋር ሠሩት።

ጉዳዩ ትራኮማ፣ ማለትም የዓይን ማዝ ነበር። በገጠር ወረንጦ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩ እናቶች አሉ። ወደ ውስጥ የተቀለበሰው ሽፋሽፍት ዓይናቸውን በቧጠጠ ቁጥር ይነቅሉታል። ማዙ የሚጀምረው ግን በልጅነት ነው። መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ነው፤ ሲታደል ሚዛን አይፈልግም። ልጁ ምልክት ከተደረገበት ዱላ አጠገብ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አናቱ የደረሰበት መስመር መጠኑን ይናገራል። ለትንንሾቹ ሽሮፕ ይቀዳላቸዋል።

ቆጣሪዎች ቤት ለቤት ዞረው ነዋሪውን መዘገቡ። ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተመደቡ፤ ገሚሶቹ መድኃኒቱን ወዲያው፣ ሌሎቹ ከዓመት በኋላ እንዲወስዱ ተደረገ። ከዓመት በኋላ ቆጠራው ተደገመ። መድኃኒቱ ባልደረሰባቸው ንዑስ ቀበሌዎች ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ 1,000 ልጆች በዓመት 8.3 ሞተው ነበር። በደረሰባቸው 4.1። ዓይን ለማከም የታደለ መድኃኒት ነፍስ ሲያተርፍ ታየ። ጽሑፉ በ2009 ጃማ በተባለው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ወጣ።

መድኃኒቱ ሞትን በምን መንገድ እንደቀነሰ እስካሁን ያከራክራል፤ የሳንባ ምችና ተቅማጥ በቅድሚያ ይጠቀሳሉ። በ2010 ከዚያው ጥናት የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ አሳሳቢ ነገር አመጣ። በየሦስት ወሩ መድኃኒት በተሰጣቸው ልጆች አፍንጫና ጉሮሮ መገናኛ ላይ፣ የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተላምዶ ተገኘ። በመጀመሪያ 3.6 በመቶ በሚሆኑት ልጆች ላይ ብቻ ነበር፤ በ12 ወር ውስጥ 46.9 በመቶ ደረሰ።

ከዚያ ነገሩ ከጎንቻ ወጥቶ ሄደ። በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ሞርዶር የተባለ ሰፊ ጥናት ያንኑ ጥያቄ አነሣ። በ2018 ውጤቱ ታተመ፤ የሕፃናት ሞት በጠቅላላው 13.5 በመቶ፣ በኒጀር ብቻ 18.1 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሞት እጅግ ከፍተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች ከ1 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት አዚትሮማይሲን ማደል እንደሚቻል መመሪያ አወጣ። የባክቴሪያውን መላመድ መከታተልንም አብሮ አስቀመጠ።