ሙርላንድ ምንድን ነው? ዛፍ የሌለው ጭቃ ኮረብታ ላይ ሰው ምን ሊያይ ይወጣል?

በኤም 62 መንገድ ከማንቸስተር ወደ ሊድስ የነዳ ሰው አይቶታል። ከተማው አልቆ መንገዱ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ግራና ቀኙ ባዶ ይሆናል፣ ዛፍ የለ ቤት የለ፣ ቡናማ ሳርና ጥቁር አፈር ብቻ፣ በጎች እዚም እዛም ተበትነው። ብዙ ሀበሻ "ይሄ ደሞ ምን አይነት ምድረ በዳ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እሱ ነው ሙርላንድ የሚባለው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ፣ አፈሩ አሲዳማና ለእርሻ የማይሆን፣ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት የማይለቀው፣ አጫጭር ቁጥቋጦና ሳር የለበሰ ክፍት መሬት ማለት ነው።

እንግሊዞቹ ታዲያ ቅዳሜ እሁድ ቡትሳቸውን አስረው ሳንድዊች ቋጥረው እዛ ላይ ሊራመዱ ይሄዳሉ፣ በዝናብም ጭምር። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ኮረብታ ልያዝ፣ ኪንደር ስካውትን። ማንቸስተርና ሼፊልድ መሃል ፒክ ዲስትሪክት የሚባለው ፓርክ ውስጥ ነው ያለው፣ 636 ሜትር ነው፣ በዛ አካባቢ ከሱ የሚበልጥ የለም። 636 ሲባል ሳቃችሁ ይመጣ ይሆናል፣ ቆላ የምንላት ድሬዳዋ እንኳን 1200 ሜትር አካባቢ ናት እኮ። ግን ኪንደር ላይ ስትወጡ የሚቀበላችሁ የድሬዳዋ ሙቀት ሳይሆን የመንዝ ጓሳ ብርድ ነው፣ ምክንያቱም ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 53 ዲግሪ ርቆ ነው ያለው፣ ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ደሞ ከኮረብታው ጋር ሲጋጭ ሽቅብ ይወጣና ቀዝቅዞ ጉምና ዝናብ ይሆናል። ስለዚ እኛ ጋ ከ3000 ሜትር በላይ የምናየው መልክ እነሱ ጋ 600 ሜትር ላይ ይገኛል። ጓሳን ወይ የባሌን ሳነቴ የረገጠ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዝምድናም አለ፣ ኦገስት ላይ ሙሩን ወይንጠጅ የሚያደርገው ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ ከኛ አስታ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ አስታ ሲመቸው ዛፍ ያክላል እንጂ ሄዘር ከጉልበት ብዙም አያልፍ። ጅብራና ቀይ ቀበሮ ግን እንዳትጠብቁ።

አሁን ወደ ባዶነቱ እንምጣ፣ ምክንያቱም የሙርላንድ ነገር በሙሉ እዛ ላይ ነው። የሚያየው ሰው "ዓለም ሲፈጠር እንደዚህ ነበር" ይላል። አልነበረም፣ ከበረዶው ዘመን በኋላ አብዛኛው ቦታ ጫካ ነበር፣ በርች ሃዘል ኦክ ምናምን። የድንጋይ ዘመን ሰዎች ለአደንና ለግጦሽ እያቃጠሉና እየቆረጡ ሄዱ፣ አየሩም በዛው ልክ እየረጠበ መጣ፣ ዛፉ ሲጠፋ ውሃውን የሚመጥ ጠፋና መሬቱ ረግረግ ሆነ፣ ከዛ በኋላ የበቀለውን ችግኝ በግ በላው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደሞ ባለርስቶቹ ግራውስ የሚባል ቆቅ መሰል ወፍ ለማደን ሲሉ ሄዘሩን በየተራ እያቃጠሉ ማደስ ያዙ፣ ወፉ ለጋ ሄዘር ስለሚወድ። ስለዚ ያ ሁሉ "የዱር" ስሜት ሰው በእሳትና በበግ ያቆየው ነገር ነው። እኔን ይሄ ቦታውን አያስጠላኝም፣ እንዲያውም የበለጠ ያስገርመኛል፣ ዱር ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን የቱሪዝም ብሮሹር ግን አትመኑት።

ከእግር ስር ያለው ጥቁር ነገር ፒት ይባላል። ተክል ሲሞት መበስበስ ነበረበት፣ ግን አፈሩ ውሃ ስለሞላው አየር አይገባም፣ አየር ከሌለ መበስበሱም ግማሽ ላይ ይቆማል፣ ስለዚ የሞተው በሞተው ላይ እየተደረበ ይሄዳል። የሚጨምረው በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ እናም 2 ሜትር ፒት ላይ ቆማችኋል ማለት የ2000 ዓመት ሳርና ቅጠል ላይ ቆማችኋል ማለት ነው። ዋናው ሰራተኛ ስፋግነም የሚባል ትንሽ አረንጓዴ ተክል ነው፣ እንደ ስፖንጅ የራሱን ደረቅ ክብደት እስከ 20 እጥፍ ውሃ ይይዛል። ስትረግጡት ጭልቅ የሚለው እሱ ነው። ያልበሰበሰው ተክል ውስጥ ያለው ካርቦን ደሞ እዛው ታምቆ ይቀራል፣ ለዚህ ነው አሁን የአየር ንብረት ሰዎች ስለዚህ ጭቃ እንደ ወርቅ የሚያወሩት።

መራመዱ ጋ ስንመጣ፣ ኪንደር ጫፍ የለውም። እውነት ነው የምላችሁ፣ ላዩ ሰፊ ጠፍጣፋ አምባ ነው፣ 636 ሜትር የተባለው ነጥብ አምባው መሃል ጭቃ ውስጥ ጥቂት ድንጋይ ተከምሮበት ነው ያለው፣ ደርሳችሁበት እንኳን "ይሄ ነው እንዴ?" ነው የምትሉት። መሃሉ ቦረቦር በቦረቦር ነው፣ ውሃ ፒቱን እየቆረጠ ከሰው ቁመት የጠለቀ ቦይ ሰርቶበታል፣ አንዱ ውስጥ ስትገቡ ከሰማይ ሌላ ምንም አይታያችሁም፣ ወጥታችሁ ሌላው ውስጥ ትገባላችሁ፣ ጉም ከመጣ ደሞ አቅጣጫ ብሎ ነገር የለም፣ ለምደዋለሁ የሚል ሰውም ይጠፋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ መሃሉን ተዉት፣ ውበቱ ዳርዳሩ ላይ ነው።

በአምባው ዳር ዳር የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። በአንድ በኩል ባዶው ሙር፣ በሌላ በኩል ገደሉና ከታች በድንጋይ አጥር የተከፋፈለ አረንጓዴ ሸለቆ፣ አንገት ማዞር ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። አንዴ ከወጣችሁ በኋላ ዳገት የሚባል ነገር እምብዛም ስለሌለ ሳታለከልኩ እያወራችሁ ለሰዓታት መሄድ ትችላላችሁ፣ ይሄ ለኔ ከሹል ተራራ የሚበልጥበት ነገሩ ነው። መንገዱ ላይ ንፋስና ውርጭ የፈለፈላቸው ትላልቅ የአሸዋ ድንጋዮች አሉ፣ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት የትልቅ ወንዝ አፍ ላይ የተከመረ አሸዋ የነበሩ ናቸው፣ ዉልፓክስ የሚባለው ቦታ ላይ እንደ መንጋ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። በምዕራቡ ዳር ደሞ ኪንደር ዳውንፎል የሚባለው ፏፏቴ አለ፣ 30 ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ምዕራባዊ ነፋስ ሲበረታ ግን ውሃው አይወርድም፣ ቦታው ለነፋሱ ፊት ለፊት የተከፈተ ስለሆነ ነፋሱ ውሃውን መልሶ ወደ ላይ ይረጨዋል፣ ከሩቅ ሲታይ ገደሉ የሚጨስ ነው የሚመስለው። ክረምት ላይ ይጋገርና ሰዎች በረዶውን በመጥረቢያ እየወጉ ይወጡታል። እንስሳ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ክረምት ላይ ነጭ የሚሆን የተራራ ጥንቸል አለ፣ በእንግሊዝ ውስጥ በዱር የሚኖረው ፒክ ዲስትሪክት ላይ ነው።

ግን ይሄን ቦታ መርገጥ ድሮ ለማንም አይፈቀድም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙሩ ታጥሮ የግል ሆነ፣ ባለቤቶቹ በዓመት ለጥቂት ቀናት ወፍ ያድኑበታል፣ ቀሪውን ጊዜ ጠባቂ ቆሞ ሰው ያባርራል። ታች ማንቸስተር ውስጥ ደሞ ሳምንቱን ሙሉ ጭስ ሲተነፍስ የከረመ የፋብሪካ ሰራተኛ እሁድ ቀና ሲል ኮረብታው ይታየዋል። እናም ኤፕሪል 24 ቀን 1932 ቤኒ ሮትማን የሚባል የ20 ዓመት ልጅ ያለበት ቡድን ሰው ጠርቶ፣ 400 የሚሆኑ ሰዎች ሄይፊልድ ከምትባለው መንደር ተነስተው ወደ ኪንደር ወጡ። ከጠባቂዎቹ ጋር ግብግብ ተፈጠረ፣ ስድስት ወጣቶች ተያዙ፣ አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። የሚገርመው የታሰሩት የሰው መሬት በመርገጥ አልነበረም፣ እሱ በወቅቱ ህግ ወንጀል ስላልሆነ ክሱ ሁከት ምናምን ተብሎ ነው የተዘጋጀው። ፍርዱ ግን ብዙ ሰው አስቆጣ፣ ጉዳዩም አልሞተም፣ በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ህግ ወጣ፣ በ1951 ፒክ ዲስትሪክት የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ በ2000 ደሞ ሙርን ጨምሮ ክፍት ተብሎ ካርታ ላይ በተመዘገበ መሬት ላይ ማንም ከመንገድ ወጥቶ እንደልቡ እንዲሄድ የሚፈቅድ ህግ መጣ።

እዚህ ላይ ከጓሳ ጋር ማወዳደር አያቅተኝም። መንዝ ላይም መሬቱ ለመቶዎች ዓመታት ይዘጋ ነበር፣ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት፣ ግን የሚዘጋው ህዝቡ ራሱ ተስማምቶ ሳሩ እንዲያገግም ነው፣ ሲከፈት ደሞ ያው ህዝብ ለቤት ክዳንና ለከብት ያጭደዋል። ኪንደር ላይ ለጥቂት ሰው ስፖርት ሲባል ነው ሌላው ሁሉ የተከለከለው። ሁለቱም "ጥበቃ" ነው የሚባሉት፣ ልዩነቱን እናንተ ፍረዱ።

አንድ ሌላ ጣጣም ነበር። ከማንቸስተርና ከአካባቢው ጭስ ማውጫዎች የወጣው ጥላሸትና አሲድ ዝናብ ከመቶ ዓመት በላይ ሲወርድበት ስፋግነሙን ገደለው፣ እሳትና በግ ተጨመሩበት፣ ፒቱ ራቁቱን ቀርቶ ይታጠብ ጀመር። ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ቦረቦሩን በድንጋይና በእንጨት እየገደቡ፣ በሄሊኮፕተር ኖራና የሄዘር ቁራጭ እየበተኑ፣ ስፋግነም በእጅ እየተከሉ ነው፣ የድሮ ፎቶ አይቶ አሁን ለሚሄድ ሰው ለውጡ ግልጽ ነው። ፔናይን ዌይ ለሚባለው ከኪንደር ስር ተነስቶ 431 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሄደው የእግር መንገድም የእግረኛው ብዛት ፒቱን እንዳይፈጨው ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፈውለታል፣ ብዙው ከፈረሱ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል የተነቀለ ነው።

መሄድ ለፈለጋችሁ፣ መኪና አያስፈልግም። ከማንቸስተርም ከሼፊልድም ኢዴል የምትባል መንደር የሚያቆም ባቡር አለ፣ ከጣቢያው ወጥታችሁ በእግር ነው። ለጀማሪ በጃኮብስ ላደር በኩል መውጣት ጥሩ ነው፣ የዘፍጥረቱን መሰላል እንዳታስቡ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እዛ የነበረ ጃኮብ ማርሻል የሚባል ገበሬ የሰራው የደረጃ መንገድ ነው። ከላይ ስትደርሱ ወደ ቀኝ በዳሩ ሄዳችሁ ዉልፓክስን አይታችሁ ወደ ኢዴል መውረድ ትችላላችሁ፣ ከነምሳው 5 ሰዓት አካባቢ ያዙለት። ዳውንፎል ከፈለጋችሁ ወደ ግራ ነው፣ እሱ ረዘም ይላል። ዋተርፕሩፍ ጃኬት ጁላይም ቢሆን ያዙ፣ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ካርታውን ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉ፣ ስኒከር ደሞ ይቅርባችሁ፣ ጭቃው ውጦ ያስቀረዋል። ውሻ ያላችሁ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 በገመድ መያዝ ግዴታ ነው፣ ወፎቹ መሬት ላይ ስለሚፈለፍሉ። እሳት ግን በፍጹም፣ ደረቅ ፒት አንዴ ከተቀጣጠለ ከመሬት በታች ለሳምንታት ይነዳል፣ ባርቤኪው ያማራችሁ ከወረዳችሁ በኋላ ቤታችሁ ጥበሱ።