ሐረና፦ ከሳነቴ ቁልቁል የሚወርደው ደን

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ያለው ሳነቴ በተባለው ከፍተኛ አምባ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ ያያል፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ቱሉ ዲምቱ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። በእግሩ መሄድ ለሚወድ ግን የፓርኩ ምርጥ ክፍል ከአምባው ደቡባዊ ጠርዝ ቁልቁል የሚወርደው የሐረና ደን ነው።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን ስፋቱ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ዲንሾ ነው፤ ክፍያው የሚፈጸመው፣ አስጎብኚና ፈረስም የሚገኘው እዚያው ነው። ጊዜ የሌለው እንግዳ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የኮሶና የጽድ ደን ውስጥ ጥቂት ቢዘዋወር የደጋ አጋዘን በቅርብ ያያል። ቀናት ያሉት ደግሞ ድንኳኑን በፈረስ አስጭኖ ወደ ወይብ ሸለቆ ይዘልቃል።

ወደ ሐረና የሚወስደው ከጎባ ሳነቴን አቋርጦ ዶሎ መና የሚደርሰው የጠጠር መንገድ ነው። አምባው ሲያልቅ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከመኪና ወርዶ በእግር መጀመር ያለበትም እዚህ ነው። በመጀመሪያ የዛፍ ሽበት ያንዠረገገ የአስታ ቁጥቋጦ ይቀበላል። ዝቅ ሲሉ ኮሶና አምጃ፣ ሪራ መንደር አካባቢ ደግሞ ቀርከሃ ይመጣል። የመንደሩ ሰው ቤቱንም አጥሩንም የሚሠራው በቀርከሃ ነው፤ ከባሌ ውጭ ብዙም የማይታወቀው የባሌ ጦጣም በአብዛኛው የሚኖረው ለጋ የቀርከሃ ቅጠል እየበላ ነው። ከዚያ በታች ዝግባው ግንዱ እየወፈረ፣ ጥላው እየከበደ ይሄዳል። ቀና ብሎ ያየ ሰው ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ አግድም የተሰቀለ ረጅም የእንጨት ቀፎ ያገኛል። ማሩን ለመቁረጥ ባለቤቱ በገመድ ያንን ሁሉ ይወጣል፣ ያውም በጨለማ! ወደ ቆላው ሲጠጉ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ይታያል።

እግረኛው የሚከተላቸው ዱካዎች በአብዛኛው ለጎብኚ ታስበው የተጠረጉ አይደሉም፤ ከብትና ፈረስ የረገጣቸው ናቸው። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ከብታቸውን እንደ ወቅቱ በአምባውና በደኑ መካከል ያዘዋውራሉ፤ ይህን ልማድ ጎዳንቱ ይሉታል። ዱካዎቹ ምልክት ስለሌላቸው ያለ አስጎብኚ መግባት ለመጥፋት ነው። የእርሻ መስፋፋት፣ አዲስ ሰፈራና ለግጦሽ ተብሎ የሚለኮስ እሳት ደኑን ከዳር እየበሉት ነው።

ለጉዞ የሚሻለው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ያኔም ቢሆን ሐረና ዝናብ አያጣውም፤ ሳነቴ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከሪራ በታች ካቻ የሚባል የድንኳን ማረፊያ አለ። ደኑ አንበሳ ስላለው እዚያ የሚያድር ሰው ስካውት (የፓርኩ ጥበቃ) ይዞ መሄድ አለበት።