«ቀልድ እኮ ነው» እና ሌሎች የምንሸሸግባቸው ሰበቦች

ክፍል ውስጥ፣ ቢሮ ወይም ቤተሰብ በተሰበሰበበት፣ አንድ ሰው ስለ ሌላ ብሔር፣ ስለ ሴቶች፣ ስለ አካል ጉዳተኞች ወይም ስለ ድሆች የሚያንቋሽሽ ነገር ጣል ያደርጋል። ገሚሱ ይስቃል። ገሚሱ ስልኩን ያያል። ወሬው ይቀጥላል። እኔን የሚያሳስበኝ ተናጋሪው ብቻ አይደለም፤ ስልኩን የሚያየውም ነው። ዝም ለማለት የምንሰጣቸው ምክንያቶች ደግሞ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው አብዛኞቹ አይቆሙም።

«እኔ ብሆን ዝም አልልም ነበር»

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ይህን ፈትኖታል። አንድ ነጭ ስለ አንድ ጥቁር የዘረኝነት ቃል ሲናገር (ሁለቱም ተዋናዮች ነበሩ) የተወሰኑ ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ሰሙ። ሌሎች ደግሞ ሁኔታው ተነግሯቸው «እናንተ ብትኖሩ ምን ይሰማችኋል?» ተባሉ። የተጠየቁት በጣም እንደሚናደዱ፣ ከተናጋሪው ጋር መሥራትም እንደማይፈልጉ ተናገሩ። በቦታው የነበሩት ግን እምብዛም አልተረበሹም። የሥራ አጋር ምረጡ ሲባሉም ብዙዎቹ ያንኑ ተሳዳቢ መረጡ።

ስለዚህ ቁጣችን በሰዓቱ ይመጣልናል ብሎ መተማመን አያዋጣም። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ቀድሞ መያዝ ይሻላል። «እኔ በዚህ አልስማማም» ትበቃለች።

«ቀልድ እኮ ነው፣ አታካብድ»

ቀልድ ሁሉንም ሰው ክፉ አያደርግም፤ ይህ እውነት ነው። የስነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ፎርድ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። ሴቶችን የሚያዋርድ ቀልድ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ቀድሞውኑ ለሴቶች ንቀት ባለው ሰው ላይ ነው። ሳቁን ሲሰማ «ለካ እዚህ እንዲህ ማለት ይቻላል» ይላል። መድልዎ ሲያይም ቀለል ያደርገዋል። እኛ ለጨዋነት ብለን የሳቅነው ለእሱ ፈቃድ ይሆንለታል። የተቀለደበት ሰው ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ማን እንደሳቀ ያያል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጥሩ መልስ ከፈለጋችሁ፣ ፊታችሁን ሳታጠቁሩ «አልገባኝም፣ ምኑ ነው የሚያስቀው?» በሉ። ንቀትን ዘርዝሮ ማስረዳት ለማንም ይከብዳል።

«ከእነሱ ወገን የሆኑ ጓደኞች አሉኝ»

ደስ ይላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ጭፍን ጥላቻ እንደሌለባቸው ለማሳየት ዕድል ያገኙ ሰዎች ቀጥሎ በመጣው ውሳኔ ላይ ለማዳላት ይበልጥ ተደፋፍረዋል።

«እኔ ለፍቼ ነው እዚህ የደረስኩት»

በጣም የሚያጣላው ይህ ነው። አንድ ሰው «አንተ እኮ ዕድል ነበረህ» ሲባል የሚሰማው «አልለፋህም» የተባለ ያህል ነው። ወዲያው ያሳለፈውን መከራ መቁጠር ይጀምራል። ይህም ተጠንቷል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራ፣ ነጭ በመሆናቸው ስለሚያገኙት ጥቅም የተነገራቸው ነጭ አሜሪካውያን ካልተነገራቸው ይልቅ «ሕይወቴ ከባድ ነበር» አሉ።

ሕይወታቸው በእርግጥ ከባድ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን እሱ አይደለም። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው መቀስ ሲይዝ ለእሱ ታስቦ እንደተሠራ ትዝ አይለውም፤ ግራኙ ግን ያውቀዋል። ያልገጠመህ እንቅፋት አይታይህም። ነገሩ ይኸው ነው።

በቁጥርም ማየት ይቻላል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ያህል የፈጠራ ማመልከቻዎችን ልኮ ነበር። ችሎታና ልምዱ ተመሳሳይ ነው፤ የተለያየው ስሙ ብቻ ነው። የነጭ የሚመስል ስም የያዘው በአማካይ ከ10 ማመልከቻ አንድ ጥሪ አገኘ። የጥቁር የሚመስል ስም የያዘው አንድ ጥሪ ለማግኘት 15 ያህል ማስገባት ነበረበት። የተጠራው አልለፋም? ለፍቷል። ያኛውም ለፍቷል።

ደግሞ ሰው በአንዱ ጎን ተጎድቶ በሌላው ሊጠቀም ይችላል። ደሃ ወንድ በድህነቱ ይናቃል፤ ስብሰባ ላይ ግን ከሀብታሟ እህቱ ቀድሞ ይደመጣል። ስለዚህ «በዳይ ነኝ ወይስ ተበዳይ?» እያሉ መጨነቅ የትም አያደርስም። ይልቅ ትንንሹን ነገር እንይ። ቃለ ጉባኤ ያዢ ሁልጊዜ የምትባለው ማን ናት? የማን ሐሳብ ነው ሌላ ሰው ሲደግመው ብቻ የሚጨበጨብለት? «ይህን ቅድም እሷ ብላዋለች» ማለት ምንም አያስከፍልም።

«የተነካው ራሱ ይናገር»

እሱማ ሲናገር «ሆደ ባሻ ነህ» ይባላል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች ነገሩ የማይነካው ሰው ሲቆጣቸው ይበልጥ ይጸጸታሉ፤ ብስጭታቸውም ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ አፉን መክፈት ያለበት ብዙም የማይጎዳው ሰው ነው። በተጎጂው ስም መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። በኋላ ለብቻው «ምን ባደርግ ይሻልሃል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«አጎቴ በዚህ ዕድሜው አይለወጥም»

በሰው ፊት ከተዋረደ፣ አዎ፣ አይለወጥም። ሁለት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች፣ ጆሹዋ ካላ እና ዴቪድ ብሩክማን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ ያለ ወቀሳ ታሪክ እየተለዋወጡ መነጋገር ሰው ለስደተኞች ያለውን አመለካከት እንደሚያለዝብ አሳይተዋል። ለውጡም ቢያንስ 4 ወር ቆይቷል። ክርክር ብቻውን ያን አላመጣም። ስለዚህ አጎትን ለብቻው አግኝቶ «እንዲህ እንድታስብ ያደረገህ ምንድን ነው?» ብሎ መጀመር፣ ሰምቶ ሲያበቃም የራስን ታሪክ ማውራት ነው።

ተናጋሪው አለቃ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። እንጀራችሁን የያዘ ሰው ነው። ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና ማን እንደነበረ ጻፉ። ያዩትን አነጋግሩ። አቤቱታውን ስታቀርቡም ብቻችሁን አትሂዱ።